ገና፣ ላልቶ ሲነበብ

አሥራ ስምንቱም ሕፃናት ተኝተዋል፤ ያልተኛችው ታቢታ ብቻ ናት። እዚህ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ፣ እንቅልፍም እንደ ስብሰባ በሰዓት ነው፤ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጋረጃው ይሳባል፣ ታጣፊ አልጋዎቹ ይዘረጋሉ፣ ልጆቹ ጫማቸውን ደርድረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ዐይኑን የገለጠ ልጅ ጥፋተኛ ነው። እሷ ዐይኗን ከገለጠች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ። ማክሰኞ ከፖስታ ቤቱ የስልክ ክፍል ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ በአጠገቧም አላለፈ፤ በተማሪዎች ማደሪያ ጣሪያ ስታይ ታድርና ቀን እዚህ መጥታ የሰው ልጅ እንቅልፍ ትጠብቃለች። ክፍሉ ይሸታል። እርጥብ የሱፍ ካልሲ ይሸታል፣ የከሰል ጭስ ይሸታል፣ ከምሳ የተረፈ ጎመን ይሸታል፣ ከሁሉ የከፋው ግን ወተቱ ነው፤ አፍልተው ያቀዘቅዙትና ከላይ የጋገረውን ቆዳ ልጁ እንባው እየወረደ እንዲውጠው ይደረጋል፤ ዛሬም አንድ በአንድ ያስዋጠቻቸው እሷ ናት፣ ተለማማጅ መምህርት ናትና፣ «ጎበዝ፣ አንዴ ብቻ» እያለች። ሁሉ ነገር ያንገሸግሻታል። ወተቱ፣ ጎመኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንኪያውን የያዘው የራሷ እጅ።

ጭኗ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጆቹ ስለየቤታቸው ገና የሚሉትን እንድትጽፍበት ጠዋት የሰጠቻት የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሊንድነር ናት፤ ሴትዮዋ «ገና በወዳጅ አገሮች» የሚል ሳምንት አዘጋጅታለች፣ ገናን ራሱን ግን ብዙም አትወደውም፤ ጥዱ ጫፍ ላይ የተሰቀለውን መልአክ እንኳ መልአክ ስትል አትሰማም፣ «ባለክንፏ አሻንጉሊት» ትለዋለች፣ መልአክ ያለ ልጅ ካለም ታርመዋለች። ሰኞ ቡልጋሪያዊው ተማሪ መጥቶ በጨርቅ ባጌጠ አርጩሜ የልጆቹን ጀርባ ለበረከት መታ መታ አደረገ፣ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ረቡዕ ፖላንዳዊቷ መጣች፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሥር ድርቆሽ አነጠፈች፣ ለልጆቹ ሁሉ ሳህን ደረደረች፣ ከዚያም አንድ ትርፍ ሳህን አስቀመጠች። «ይሄ የማን ነው?» አሏት። «ላልመጣ ሰው ነው» አለች። «ከመጣስ?» «ከመጣ ቦታው ይጠብቀዋል።» ታቢታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጣ ለአራት ዓመት ልጅ በተሠራች መቀመጫ ላይ ተደፍታ አስመለሳት፣ ግንባሯ ከወለሉ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም፣ ዕቃው ሁሉ እዚህ ትንንሽ ነው፣ ሰው ለማስመለስ እንኳ መንበርከክ አለበት። ዛሬ ዓርብ የኢትዮጵያ ተራ ነው። ከኤምባሲው የተላከ ጥለት ቀሚስና አንድ ቆልማማ ዱላ በሩ ጀርባ ተሰቅለው ይጠብቋታል።

ዱላ! እሷ የገና ዱላ ነክታ አታውቅም። አባቷ ከከምባታ ወጥቶ አዋሳ የከተመ ፕሮቴስታንት አናጢ ነው፤ ከተማዋ ገና ቡቃያ ሳለች፣ ሐይቅ ዳር ያለው ዋርካ ሁሉ የጉሬዛ ብቻ በነበረበት ጊዜ። እሷ የምታውቀው ገና ሁለት ነው፤ አንዱ ታኅሣሥ 16 የሚስዮኖቹ፣ ሌላው ታኅሣሥ 29 የሰው ሁሉ፣ በሁለቱም በግ ትሆን ነበር። ሌሎች ልጆች መልአክ ይሆናሉ፣ ሄሮድስ ይሆናሉ፣ እሷ በአራት እግሯ እየዳኸች «ባ» ትላለች፣ እናቷ ከኋላ ወንበር «የኔ በግ ጎበዝ!» ትላለች፣ ምእመኑ ይስቃል። ይሄን ለወይዘሮ ሊንድነር ልትነግራት ሞክራ ነበር። «አይ» አለቻት ሴትዮዋ፣ «የናንተን ነው የምንፈልገው፣ እውነተኛውን። ሃይማኖቱን ሳይሆን ባህሉን።»  ሃይማኖቱን ሳይሆን ባህሉን። ልክ እንዲህ ነበር ያለው፣ በአማርኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሌላ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ሌላ ሰው።

ሰውየው ግዛቸው ነው፤ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ፣ ካኪ ለባሽ፣ ሕፃን ሲያይ ጉንጭ የሚቆነጥጥ። ዓመቱ 1977 ነው፣ ታኅሣሥ ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደረቅ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጣሪያውን ያንኳኳሉ፣ እሷ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመች ሦስት ዓመቷ። ጸሎት ቤቶቹ ታሽገዋል፤ የእነሱ ጸሎት ቤት የእህል መጋዘን ሆኗል። «ጴንጤ» መባል ሥራ የሚያሳጣ ስድብ ነው፣ እሷ ሥራዋን ትወዳለች፣ ስለዚህ ጓድ ታቢታ ሆነች፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም፣ ፈራች። ግዛቸው በር ላይ ቆሞ ይላታል፤ «ጓድ ታቢታ፣ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። የብሔረሰቦቻችን ልጆች ገናን በየቤታቸው እንዴት እንደሚያከብሩ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ ይፈለጋል። ሃይማኖቱን ሳይሆን ባህሉን። ልጆቹ በራሳቸው አፍ ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ።» ወዲያው ደግሞ ይስቃል፤ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ነው። ብስሉን ለቅመሽ አውጪው።»

ለቀመችው። ያ ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር፣ አሁን የሚያቅለሸልሻት ደስ ያለ መሆኑ ነው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው፣ እሷ ካርቶንና ፍሎማስተር ይዛ፣ ሁሉም ለመናገር እጁን እያወጣ። የጡረተኛው ወታደር የልጅ ልጅ ጉልላት ተነሥቶ ደረቱን ነፋ፤ «አያቴ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይላል፣ ከዚያ በዱላው የራሱን ቁርጭምጭሚት መታ፣ ተቆጣ!» ወልደአማኑኤል የሚባለው የጉራጌ ልጅ አፍንጫውን እየጠረገ፤ «በዓል ማለት መስቀል ነው፣ ገና የአዋሳ ሰው በዓል ነው» አለ። የስልጤው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ጥቂት አሰበችና፤ «እኛ ገናን አናከብርም፤ ከእነ ጉልላት ቤት የሚመጣውን ዳቦ ብቻ ነው የምናከብረው።» ከታቦር ተራራ ሥር የምትመጣው የሲዳማ ልጅ ቡርሳሜ የሚባለው የቆጮ ምግብ ላይ የሚፈሰውን ቅቤ በእጇ እያሳየች፤ «እንዲህ ሐይቅ ይሆናል፣ ሐይቁን በጣታችን እንቀዝፈዋለን» አለች፣ አማርኛዋ እየተሰባበረ፣ ጣቷን እየላሰች። ታቢታ ትስቃለች፣ ትጽፋለች። ከዚያ ወንጌላዊት ተነሣች።

ወንጌላዊት አምስት ዓመቷ ነው፤ የሳይክል ጠጋኙ የማቴዎስ ልጅ፣ የታቢታ የአጥር ጎረቤት። ታቢታን ሳይክል ያስተማራት ማቴዎስ ነው፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» እያለ፣ ዞር ስትል ሃምሳ ሜትር ርቆ ቆሞ ይስቅ ነበር። ልጅቷ ተነሣችና፣ በዚያ በቀጭን ድምፅዋ፤ «እኛ ቤት ገና ድምፅ የለውም» አለች።  «እማዬ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅላለች። ሰዎች በጓሮ ይመጣሉ። ከዚያ በከንፈራችን ብቻ እንዘምራለን፣ እንዲህ።» ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ድምፅ የለም፣ ዐይኗ ግን ይዘምራል። «እኔ ጮክ ስል አባዬ አፌን ይዞ፣ ገና ነው፣ ገና ነው ይለኛል።» «አዎ እኮ ገና ነው!» ብሎ ጉልላት ሳቀ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ታቢታም ሳቀች፣ ማቴዎስ ቃሉን እንዴት እንዳለው ጠፍቷት አይደለም። ልጆቹ አጥብቀው ሰሙት፣ በዓሉን። እሱ ግን አላልቶ ነበር ያለው፤ ጊዜው አልደረሰም፣ ጮክ የምንልበት ቀን ገና ነው። ጽሑፍ ላይ ሲወርድ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሁለት ፊደል፣ ገና። እሷ በትልልቁ ጻፈችው። «እኛ ቤት ገና ድምፅ የለውም።» ከነብርድ ልብሱ፣ ከነጓሮው፣ ከነልጅቷ ስም።

ለምን ጻፈችው? ይሄ ነው ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ የሚመላለሰው ጥያቄ፣ መልሱ ደግሞ አለ፣ ሊያስመልሳት የሚደርሰውም መልሱ ነው። ማንም አላስገደዳትም። ግዛቸው ልጆቹ ያሉትን አልሰማም ነበር፤ ያንን አንድ መስመር ዘልላው ብታልፍ የሚጠይቃት አልነበረም። የጻፈችው ዐረፍተ ነገሩ ስላማራት ነው። አዎ፣ ስላማራት! እንግዶቹ አንብበው «መምህርቷ ማናት?» እንዲሉ ፈልጋ ነው። እሷ እኮ የዚያው እምነት ልጅ ነች፣ መስኮት ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ወንድሟ ፍቅሬ እንኳ አንዳንድ ማታ በዚያ ጓሮ እንደሚገባ ታውቃለች፤ እያወቀች፣ ፍሎማስተሯን ከድና እንደገና ከፍታ፣ «ድምፅ» የሚለውን ቃል በቀይ አደመቀችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእጅ የወጣውስ? ግዛቸው በማግሥቱ መጣ፣ እጁን ኋላ አጣምሮ እያነበበ አለፈ፣ የጉልላት ላይ ሳቀ፣ የቡርሳሜው ላይ ሳቀ፣ ከዚያ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አላት። ነገረችው። «ጎበዝ» አላት፣ የሷንም ጉንጭ ሊቆነጥጥ የፈለገ ይመስል ነበር።

በገና ዋዜማ ማቴዎስን ከስምንት ሰው ጋር ወሰዱት። ፍቅሬን ወባ አሞት ተኝቶ ነበርና ተረፈ። ታቢታ በአጥሩ ቀዳዳ አየች፤ ብርድ ልብሱ መስኮቱ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፣ ብርቅዬ፣ ሚስቱ፣ ደጁ ላይ ወንጌላዊትን አቅፋ ቆማለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ድምፅ ግን የለውም፣ አስተምረዋታል። እንግዶቹ መጡ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ያ ካርቶን ቦታው ላይ አልነበረም፣ ስለሌላው ሁሉ አጨበጨቡ። በመጋቢት ለሕፃናት አስተዳደግ ትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄዱ ሰዎች ስም ወጣ፣ ከአዋሳ አንድ፣ ጓድ ታቢታ። ለዚያ ነው ያላት ሰው የለም። ለዚያ አይደለም ያላትም የለም። ብርቅዬ ለመንገዷ ዳቦ ቆሎ ሠርታ አመጣችላት። «ላንቺ በሩ ተከፈተልሽ፣ እግዜር ነው» አለቻት፣ «እዚያ ትልልቅ ሰዎች ታገኛለሽ፣ እሱን አደራ።» ታቢታ ዳቦ ቆሎውን ተቀበለች። በላችው! አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከደመና በላይ፣ አንድ በአንድ፣ እስኪያልቅ።

ደብዳቤ ይከፈታልና ከፍቅሬ ጋር ስለ ማቴዎስ ሲጻጻፉ «በሽተኛው» ይሉታል፤ እስር ቤቱ ሆስፒታል ነው፣ መፈታት መውጣት ነው። ባለፈው ጥቅምት ናፍቆቱ ወይም ጥፋቱ፣ አንዱ፣ አላስቀምጥ ሲላት ቴሌግራም ላከች፤ «በሽተኛው የሚወጣው መቼ ነው?» መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ በላቲን ፊደል፣ ከስሙ ጋር ሦስት ቃል፤ «ገና ነው። ፍቅሬ።» ታቢታ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ዘለለች። ገና! ለገና ይፈታል! አጥብቃ አነበበችው፣ ሌላ ንባብ ያለውም አልመሰላት፣ ልብ የፈለገውን ያጠብቃል። ያን ቀን በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ጠዋት ተኛች። እዚያው ቁጭ ብላ ለብርቅዬ ጻፈች፤ «እትዬ ብርቅዬ፣ የምሥራች፣ በሽተኛው ገና ላይ ይወጣል፣ ከታመነ ሰው ነው የሰማሁት።» ከታመነ ሰው! ከሩቅ አገር፣ ከጓድ፣ ትልልቅ ሰው ከምታውቅ ሴት የመጣ ወሬ፣ ብርቅዬ እንዴት አታምነውም?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ለማግኘት አራት ሰዓት ጠበቀች፤ መስኮት ላይ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ቁጥርሽ ሲጠራ ሦስተኛ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ከመስታወቱ ውጭ ያለው ሰው ሰዓቱን እያየ ይጠብቅሻል። ፍቅሬ አዋሳ ቴሌ ተጠርቶ ቆሟል፣ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ ይመጣል።

«ፍቅሬ! ሦስት ሳምንት ቀረው እኮ! ምን አዘጋጃችሁ?»

«ለምኑ?»

«ለበሽተኛው ነዋ! ገና ነው ብለኸኝ የለ?»

 መስመሩ የተቆረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» አለች።

«ታቢ፣» አለ ፍቅሬ፣ «ገና ነው ያልኩሽ፣ ገና ነው። ምንም አዲስ ነገር የለም ማለቴ ነው። ሐኪሞቹ የሚሉት የለም። ማን ስለ በዓል አወራ?»

አላልቶ። እንደ ማቴዎስ፣ አላልቶ።

«ለእትዬ ብርቅዬ… ጻፍሽላት እንዴ?» አላት።

«ጻፍኩላት።»

«አዬ ጉድ! እኔ እኮ ወሬውን ከየት እንዳመጣችው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ቤቱን በሙሉ ኖራ ቀብታዋለች። ቀሚስ አሰፍታላታለች ለልጅቷ። ልጅቷማ አባዬ ለገና ይመጣል እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች፤ ጮክ ብላ ነው ደግሞ የምትዘምረው፣ ጊዜው ደረሰ ብላ፣ ዝም የሚያሰኛት ጠፋ። በየቀኑ ነው ብርቅዬ የምትጸልይልሽ፣ ስምሽን ጠርታ።»

«ፍቅሬ፣ ንገራት አንተ፣ በእናታችን…»

«እኔ አልነግራትም» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረባት፣ አጠገቧ የቆመ ያህል። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ንገሪያት።»

የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የቱን? ደብዳቤውን ነው ያለው ወይስ ካርቶኑን? ያውቃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቃል? ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ጊዜው አለቀ፣ ከመስታወቱ ውጭ ያለው ሰው ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ያ ሰው ጥርሱን እየፋቀ ነበር በክብሪት እንጨት፣ እስካሁን ይታያታል፣ እስካሁን ያስጠላታል፣ ምንም ያላደረጋት ሰው።

«አክስት ታቢታ።» ሹክሹክታ ነው። ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አንድ ዐይን ተገልጧል፤ አንያ ናት፣ አምስት ዓመቷ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት። እዚህ መምህርቶቹ ሁሉ አክስት ነው የሚባሉት። ታቢታ ጣቷን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ልጅቷ ግን መተኛት አልቻለችም፣ ሆዷ የያዘው ነገር አለ። ታቢታ በጉልበቷ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስምንት ሰዓት ላይ ቤታችን ምን እንደምናደርግ ትጠይቂናለሽ አይደል?» አለች አንያ። «እኔ አንድ አለኝ። ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሰዎች ይመጣሉ። አባባ በሩን ይቆልፈዋል፣ እማማ መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች። በታይፕ ብዙ ወረቀት ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሻማ አብርተን ቀስ ብለን እንዘምራለን። አባባ መዋዕለ ሕፃናት አትናገሪ ብሏል። አንቺ ግን የሩቅ አገር ሰው ነሽ።» ታቢታ ልጅቷን ታያታለች። ጀርመንኛውን ሰማችው ወይስ አማርኛ ነው የሰማችው?  እንዲህ ያሉ ልጆች ከየት ነው የሚያገኟት? ብርድ ልብሱ ከአዋሳ ላይፕዚግ ድረስ እንዴት ተከትሏት መጣ? አባትየው ሰባኪ መሆኑን ሰምታለች፤ ወይዘሮ ሊንድነር በመጀመሪያው ቀን ስሙን ስትጠራ አፏን ሎሚ እንደነካው ሰብስባ ነበር፣ «የዚያችን ልጅ ነገር በቅርብ ተከታተይ» ብላም ነበር። ታቢታ ያኔ «እሺ» አለች። እሺ ማለት ትችልበታለች።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ደወል፣ መጋረጃ፣ ጫማ፣ የአፍንጫ ንፍጥ። ከወረዳው የመጡ ሦስት እንግዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ ኮታቸው የናፍታ ሽታ አለው። ታቢታ ቀሚሱን ለብሳለች፣ ዱላውን አንሥታ አንዲት ኳስ መታች፣ ኳሷ ጥዱ ሥር ገባች፣ ልጆቹ ጮኹ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እሷ ፈገግ አለች፣ ፈገግታው ጥርሷ ላይ እንደ ወተቱ ቆዳ ተለጠፈ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ገና ተጫወተች፣ ለጀርመን ጎረምሳ ሹማምንት። ከዚያ ወረቀቱ ተዘረጋ፣ የአሥራ ስምንቱ ልጆች ስም በቅደም ተከተል፣ በየስሙ አንጻር ባዶ መስመር። ልጆቹ ይናገራሉ፣ ትጽፋለች፤ የአንዱ አያት ዝይ ይጠብሳል፣ የአንዷ አጎት ከዛፉ ሥር ባቡር ይገጥማል፣ የአንዱ ቤት ድመት የወረቀት ኮከብ በልታ ታማለች። ይስቃሉ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ ክፍሉ ሞቅ ብሎ፣ ሁሉም እጁን እያወጣ። አንያ ትቁነጠነጣለች፣ የሁሉም ታሪክ ከሷ ያንሳል፣ ተራዋ ሲደርስ ዘልላ ተነሣች፣ አፏን ከፈተች።

«አንያ ገና ናት» አለች ታቢታ። «ቀጥሎ።»

ቀጣዩ ልጅ መናገር ጀመረ። ወይዘሮ ሊንድነር ግን ከእንግዶቹ መካከል ወጥታ መጣች፣ ጣቷን ባዶው መስመር ላይ አሳረፈች። «እዚህ ምንም የለም» አለች።

«ገና ነው» አለች ታቢታ። በጀርመንኛ ይህ ቃል አይጠብቅም አይላላም፤ አልደረሰም ማለት ብቻ ነው፣ ሊሳሳቱት አይቻልም።

«እኔ እጠይቃታለሁ እንግዲያው።» ሴትዮዋ ጎንበስ አለች፣ የአንያን ጉንጭ ያዘች፣ «የኔ ቆንጆ፣ እናንተ ቤትስ? እነማን ይመጣሉ?»  ልጅቷ ወይዘሮ ሊንድነርን አየች፣ ከዚያ ታቢታን አየች፣ ረጅም ጊዜ አየቻት። ታቢታ ጣቷን አፏ ላይ አላደረገችም፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ አንድ ቃል።

«ገና ነው» አለች አንያ።

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ፤ «ይቺ እንቅልፏን አልጨረሰችም» አለ። ወይዘሮ ሊንድነር አልሳቀችም። ቀና ብላ የታቢታን የልምምድ መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች፣ እዚያው ቆማ አንድ መስመር ተኩል ጻፈችበት፣ ምን እንደጻፈች አላሳየቻትም፣ መዝገቡን ይዛ እንግዶቹን አስከትላ ወጣች። ያ መስመር ተኩል ከዚህ አገር ሊያስባርራት ይችላል፤ ይቻል። ታቢታ የተሰማት ደስታ አልነበረም። የተሰማት ከሦስቱ ቀን ሁሉ የባሰ ጥላቻ ነው፣ በራሷ ላይ፣ ምክንያቱም ቀላል ሆኖ አገኘችው። እንዲህ ቀላል ነበር! አንድ መስመር ባዶ መተው። ጀግንነት አይፈልግ፣ ጸሎት አይፈልግ፣ እጅን ማሳረፍ ብቻ። አዋሳም ካርቶኑ ላይ ያን ያህል ነበር የሚፈጀው፣ ጉልላት ሲስቅ አብራ ስቃ ወደ ቀጣዩ ልጅ ማለፍ። ማቴዎስ ይሄኔ ሳይክል እየጠገነ ነበር።

ልጆቹ በረዶው ላይ ሊጫወቱ ወጡ። እሷ በዚያ ቀሚስ፣ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ከልጆቹ የስዕል ደብተር አንድ ገጽ ቀደደች፣ ያገኘችው ቀይ ከለር ብቻ ነው። ከላይ «እትዬ ብርቅዬ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ። አሁን ልብስ ተሰፍቷል፣ ኖራው ደርቋል፣ ልጅቷ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ትዘምራለች፣ ደብዳቤው አሥር ቀን ይፈጃል፣ በዓሉ ከመግባቱ በፊት ይደርሳል። ይደርሳልና ስሟ ከጸሎቱ ይወጣል። ይውጣ። ቴሌግራሙ ብቻ ነው የተሳሳተው ብላ ብታቆም ብርቅዬ ትምራታለች፣ ያውም እያጽናናቻት፤ ያን ምሕረት እንደዚያ ዳቦ ቆሎ ልትበላው አልፈለገችም። መስኮቱ ጋ አንያ ጉንጯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ከውጭ ታያታለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ምን እንደምትል አይሰማም።

ታቢታ ከለሩን አጥብቃ ይዛ ጻፈች፤ «ገና ያልኩት ላልቶ ይነበብ። በሽተኛውንም ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»